አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)፦ ከሕሙማን ራስጌ ያልራቀችው የሐበሻ ስደተኛ

 

ከቤታችን አንድ ሰው ጠንቶበት መዳኑ ሲያጠራጥር አብዛኞቻችን ግራ ይገባናል። ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል፤ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ዱዓ ይደረጋል። ከታማሚው ጋር ብቻችንን ስንቀር ግን ምን እንደምንለው እንቸገራለን። ስለ ሞት ብናነሳ ተስፋ የምናስቆርጠው ይመስለናል። ትድናለህ እያልን ብንሸነግለው ደግሞ እሱም እኛም እውነቱን እናውቃለን። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የያዝነውን ፍራፍሬ አስቀምጠን፣ አላህ ያሽርህ ብለን፣ ጥቂት ቆይተን እንወጣለን።

ዛሬ ታሪኳን የምናወጋችሁ ሶሃቢያ እንዲህ ባለ ቦታ ደጋግማ የተገኘች ናት። የመጀመሪያ ባሏን ሩቅ የጦር ሜዳ ወስዶባታል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ በዙሪያቸው ከነበሩት ሴቶች አንዷ ነበረች። የፋጢማን (ረ.ዐ) የመጨረሻ ቀናት አብራት አሳልፋለች። አቡበክርን (ረ.ዐ) በገዛ እጇ አጥባ ሸኝታለች። ይህች ሴት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ናት። እኛ በተለይ ልናውቃት የሚገባበት ምክንያትም አለ። የወጣትነት ዘመኗን ያሳለፈችው በሐበሻ ምድር ነው፤ ለፋጢማ (ረ.ዐ) ሞት በቀረበ ጊዜ የሰጠቻት ማጽናኛም ከዚሁ ምድር ይዛው የሄደችው ነገር ነበር።

ከመካ ወደ ነጃሺ ሀገር

አስማ ከኸስዐም ጎሳ የተወለደች ናት። የእናቷ የሂንድ ቢንት ዐውፍ ቤት በአማቾቹ የታወቀ ነበር። ከሴት ልጆቿ መይሙና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ኡሙል ፈድል የዐባስ፣ ሰልማ ደግሞ የሐምዛ ባለቤቶች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚህ እህትማማቾች በእምነታቸው መስክረውላቸዋል። አስማም ከቀደሙት ሙስሊሞች ትቆጠራለች። ኢስላምን የተቀበለችው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአርቀም ቤት ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች አስፍረዋል። ባሏ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅና የዐሊ (ረ.ዐ) ታላቅ ወንድም ነው።

የቁረይሾች በደል ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ሰው ወደማይበደልበት ንጉሥ ሀገር እንዲሄዱ አዘዟቸው። ስደቱ የተጀመረው በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጃዕፈርና አስማም ከ80 በላይ ወንዶችን ካቀፈው ስብስብ ጋር ባሕሩን ተሻገሩ። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ኢስላም ያስረዳበትን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። የአስማ ድርሻ ግን ብዙም አይነሳም። እሷ በሰው ሀገር ዐብደላህን፣ ሙሐመድንና ዐውንን ወልዳ አሳደገች። እናትና እህቶቿ በሌሉበት ሦስት ጊዜ አራስ ሆናለች። ከ10 ዓመት በላይ በስደት ስትቆይ፣ አብረዋት ከተሰደዱት መካከል ታመው በዚያው የሞቱና የተቀበሩ ነበሩ። የሀገሬው ሰው ሬሳውን እንዴት እንደሚሸኝም ተመልክታለች። ያየችው ነገር በኋላ ለምን እንደጠቀማት ወደፊት እንመለስበታለን።

ሁለት ሂጅራ ያላቸው ሰዎች

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ስደተኞቹ በመርከብ ተመለሱ። የደረሱት ኸይበር በተከፈተበት ወቅት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኸይበር መከፈት ይሁን ወይስ በጃዕፈር መምጣት ይበልጥ እንደተደሰቱ መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ደስ ብሏቸው ነበር።

አስማ መዲና ከገባች በኋላ አንድ ቀን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ልትጠይቅ ሄደች። የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ) ሲገባ አገኛትና ማን እንደሆነች ጠየቀ። ከሐበሻ በባሕር የመጣችው እሷ መሆኗን ሲያውቅ ወደ መዲና በመሰደድ እነሱ እንደቀደሙና ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ይበልጥ የቀረቡት እነሱ እንደሆኑ ነገራት። አስማ ይህን ዝም ብላ አላለፈችም። እነሱ የተራበውን ከሚያበሉና የማያውቀውን ከሚያስተምሩ ነቢይ ጋር ሲኖሩ፣ ስደተኞቹ ለአላህና ለመልእክተኛው ሲሉ በባዕድ ሀገር በችግርና በፍርሃት እንደኖሩ ተቆጥታ መለሰችለት። ጉዳዩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳትነግር እህል ውሃ እንደማትቀምስም ማለች። እሳቸውም ሰምተው ፈረዱላት። ዑመርና ጓደኞቹ አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው የመርከቧ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት።

ይህን የሰሙ የመርከቧ ሰዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ አስማ ይመጡ ነበር። ከእሷ አፍ ደግመው ደጋግመው ለመስማት ይፈልጉ ነበር። ከዱንያ ነገር ሁሉ በልባቸው ከዚያ የበለጠ የሚያስደስት አልነበረም። በአንድ ችግር ያለፉ ሰዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚጽናኑ ከዚህ እናያለን። 

ሊጡ ከተቦካ በኋላ

ከሐበሻ ተመልሰው ገና ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ወደ ሙእታ ዘመተ። አልተመለሰም። ሸሂድ ሆኖ ሲወድቅ በሰውነቱ ላይ ከ90 በላይ ቁስል ተቆጥሯል።

የዚያን ቀን የሆነውን ያስተላለፈችልን ራሷ አስማ ናት። ቆዳ ስታለፋ አርፍዳለች፤ ሊጧን አቡክታለች፤ ልጆቿን አጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ አሰማምራቸዋለች። አንዲት ሚስት ባሏን እየጠበቀች የምትሠራውን ሁሉ ጨርሳለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገቡና የጃዕፈርን ልጆች እንድታመጣላቸው ጠየቁ። አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። አስማ ስለ ጃዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ጠየቀች። በዚያው ቀን መገደላቸውን ነገሯት። አስማ ተነስታ ጮኸች፤ ሴቶችም ወደሷ ተሰበሰቡ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤታቸው ሄደው የጃዕፈር ቤተሰብ በሐዘን ስለተያዘ ምግብ እንዲሠራለትና እንዳይዘነጋ አዘዙ። በእኛ ሀገር ጎረቤት ወደ ሐዘን ቤት ምግብ ይዞ የመሄዱ መልካም ልማድ በሸሪዓችን ያለው መሠረት ይህ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ነገሩ ተገልብጦ ሐዘንተኛው ራሱ ለመጣው ሰው ሁሉ ሲያበስልና ሲበደር ማየታችን ያሳዝናል። ትእዛዙ የወረደው ሐዘንተኛው እንዲያርፍ እንጂ እንዲደክም አልነበረም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰቡን ለሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ተመልሰው ከዚያን ቀን በኋላ በወንድማቸው ላይ እንዳያለቅሱ ነገሯቸው። ፀጉር አስተካካይ አስጠርተው የልጆቹን ፀጉር አስላጩ። አንዱን ልጅ ማንን እንደሚመስል፣ ሌላውንም ማንን እንደሚመስል እያነሱ አጫወቷቸው፤ የዐብደላህን እጅ ይዘውም ንግዱ እንዲባረክለት ዱዓ አደረጉለት። አስማ የልጆቿን የቲምነት ስታነሳ፣ እሳቸው በዱንያም በአኼራም ኃላፊያቸው ሆነው ሳለ ድህነትን ልትፈራላቸው እንደማይገባ ገለጹላት። ማጽናናት ማለት በቃል ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ ምግብ መጣ፣ ቀጥሎ ለማልቀስ ጊዜ ተሰጠ፣ በመጨረሻም ለልጆቹ ኃላፊ ተገኘላቸው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአስማ በጭንቅ ጊዜ የምትላቸውን ጥቂት ቃላትም አስተምረዋታል። ጌታዋ አላህ እንደሆነና በእሱ ላይ ምንንም እንደማታጋራ የምትመሰክርባቸው ቃላት ናቸው። ምን ያህል አጭር እንደሆኑ አስተውሉ። እንቅልፍ ያጣች አስታማሚ፣ ወይም ምላሷ የደረቀ ታማሚ፣ ረጅም ዱዓ ለመድረስ አቅም ላይኖራት ይችላል። የጌታን ስም ለመጥራት ግን ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። አስማ ይህን ዱዓ ለኋለኛው ትውልድ አስተላልፋለች።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕመም ጊዜ

ከጃዕፈር በኋላ አስማን አቡበክር (ረ.ዐ) አገባት። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ለሐጅ ሲወጡ ገና ከመዲና ብዙ ሳይርቁ፣ ዙልሁለይፋ ላይ፣ ልጇን ሙሐመድን ወለደች። ወደ ቤት ትመለስ አልተባለችም። ታጥባና ራሷን አስራ ኢሕራም እንድታደርግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዟት። እሷም አራስ ሆና ጉዞዋን ቀጠለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታመሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ሴቶቹ ተማክረው በአፋቸው ጎን መድኃኒት ሊያደርጉላቸው ወሰኑ። አስማም ከእነሱ ጋር ነበረች፤ የሕክምናው ዘዴ ከሐበሻ የተመለሱት ሴቶች የሚያውቁት እንደነበር ተዘግቧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳያደርጉ በምልክት ከለከሏቸው። እነሱ ግን ታማሚ ሁሉ መድኃኒት እንደሚጠላ አስበው አደረጉባቸው። ነቃ ሲሉ ይህን አልወደዱትም። በቤት የነበሩት ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲወስዱ አዘዙ፤ ያልተካፈለው ዐባስ ብቻ ቀረ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ስናነብ ፈጥነን እናልፈዋለን። የምናስታምመው ሰው ላለን ግን ቆም ብለን የምናስብበት ነው። ሴቶቹ ያደረጉት በፍቅርና በፍርሃት ነው። ነገር ግን ታማሚው አይሆንም ብለው ነበር። ፍቅራችን ሲበዛ የታማሚውን ድምፅ የማንሰማበት ጊዜ አለ። መብላት ያቃተውን እናስገድዳለን፤ መተኛት የፈለገውን ሰው እናበዛበታለን፤ ከሀገር ሀገር እናንከራትተዋለን። ማከም ሱና ነው። ታማሚው የሚናገረውን ማክበርም የማስታመም አንዱ ክፍል ነው። አስማ ይህን ትምህርት ያገኘችው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራስጌ ነው። ከወራት በኋላ ፋጢማ ዘንድ ስትቀመጥ የሆነውን ስናይ፣ ትምህርቱ ልቧ ውስጥ እንደገባ እንረዳለን።

የፋጢማ ጭንቀት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ልጃቸውን ፋጢማን (ረ.ዐ) አስጠግተው በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አሏት፤ አለቀሰች። ደግመው ሌላ ነገር ሹክ አሏት፤ ሳቀች። መጀመሪያ የነገሯት በዚያ ሕመም እንደሚሞቱ ነበር። ሁለተኛው ከቤተሰባቸው ሁሉ ቀድማ የምትከተላቸው እሷ መሆኗ ነው። የራሷን ሞት ሰምታ ሳቀች። ሞት ለእሷ ከአባቷ ጋር የሚያገናኛት መንገድ ነበር።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረቢዐል አወል ወር ከዚህ ዓለም ተለዩ። ፋጢማ ከእሳቸው በኋላ የኖረችው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። በእነዚያ ወራት ሐዘኗ ከባድ ነበር፤ ሰውነቷም እየደከመ ሄደ። ልጆቿ ገና ሕፃናት ነበሩ። አስማ በዚያን ጊዜ የኸሊፋው የአቡበክር ሚስትና የሕፃን እናት ነበረች። ሌላ ሰው ልካ ልታስጠይቅ ትችል ነበር። ራሷ ግን ከፋጢማ አጠገብ አልጠፋችም። ሁለቱ በቤተሰብም የተሳሰሩ ነበሩ፤ የአስማ የመጀመሪያ ባል ጃዕፈር የፋጢማ ባል የዐሊ ወንድም ነው።

አንድ ቀን ፋጢማ ያስጨነቃትን ነገር ለአስማ ነገረቻት። ያስጨነቃት ሞት አልነበረም። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ስትሞት ጀናዛዋ ላይ ጨርቅ ጣል ይደረግና በሰው ፊት ትወሰድ ነበር። ጨርቁ ስለሚለጠፍ የሰውነቷ ቅርጽ ይታያል። ዕድሜዋን በሐያእ የኖረችው ፋጢማ፣ ሞታ እንኳ በዚህ ሁኔታ በወንዶች ትከሻ ላይ መታየቷ ከበዳት።

እዚህ ላይ ራሳችንን በአስማ ቦታ እናስቀምጥ። አብዛኞቻችን ይህን ብንሰማ ምን እንል ነበር? እንዲህ አታስቢ፣ አላህ ያሽርሻል፣ ስለዚህ ነገር አናውራ እንል ነበር። በእርግጥ የምንለው ከፍቅር ነው። ግን ታማሚዋ ለመናገር የደፈረችውን አንድ ነገር መልሰን በአፏ ውስጥ እንዘጋዋለን፤ ጭንቀቷን ይዛ ብቻዋን ትቀራለች።

አስማ እንዲህ አላደረገችም። በሐበሻ ምድር ያየችውን ነገር ልታሳያት እንደምትችል ነገረቻት። እርጥብ የተምር ዝንጣፊዎች አስመጣች። ጎንበስ አድርጋ እንደ ቅስት አጎበጠቻቸውና በላያቸው ጨርቅ ዘረጋችባቸው። ጨርቁ ከፍ ብሎ ቆመ። ከሥሩ ያለው ሰው ቅርጽ አይታይም፤ የሴት ጀናዛ መሆኑም ከወንድ ተለይቶ ይታወቃል። ፋጢማ ባየችው ነገር ደስ አላት፤ ውብ ነገር እንደሆነም ተናገረች። አባቷ ከሞቱ በኋላ ፈገግ ስትል የታየችው ያን ጊዜ ብቻ እንደሆነም ተዘግቧል።

ሁለት ሴቶች ተቀምጠው የአንዳቸውን ቃሬዛ ሲሠሩ በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ለሚያያቸው ከባድ ነገር ይመስላል። ለፋጢማ ግን እረፍት ነበር። ወደ አባቷ እንደምትሄድ በእምነቷ ታውቃለች፤ ይህን ማንም ሊሰጣት አያስፈልግም ነበር። የቀረችው አንዲት ጭንቀት ነበረች፤ እሷን ደግሞ ጓደኛዋ በእጇ ፈታችላት። እምነትና ወዳጅነት በሞት ፊት እንዲህ ይደጋገፋሉ። እምነት የመንገዱን መጨረሻ ያሳያል። ወዳጅ ደግሞ በመንገዱ ላይ ያለውን እሾህ ያነሳል።

ፋጢማ ከዚያ በኋላ ስትሞት ዐሊና አስማ እንዲያጥቧት፣ ሌላ ሰውም እንዳይገባ ኑዛዜ አደረገች። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር ከዚህ ዓለም ተለየች። እንደተዘገበው ሰዎች ሊገቡ ሲሉ አስማ በር ላይ ቆማ ከለከለች። ነገሩ ለባሏ ለአቡበክር ሲነገረው መጥቶ ምክንያቱን ጠየቀ። የፋጢማ አደራ መሆኑን ስትነግረው በታዘዘችው መሠረት እንድታደርግ ፈቀደ። የሟች አደራ ከሰው ይሉኝታ እንደሚበልጥ አስማ አሳየች። ፋጢማ በሌሊት ተቀበረች። የተሸፈነው ቃሬዛ በእሷ ተጀምሮ፣ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ስትሞትም በተመሳሳይ መንገድ ተሸኝታለች። ዛሬ የእናቶቻችንን ጀናዛ ከፍ ባለ ሽፋን ከልለን ስንሸኝ፣ የአስማን እጅና የዚያችን ፈገግታ እናስታውስ።

የአቡበክር አደራ

ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ በጁማደል አኺራ ወር፣ አቡበክር (ረ.ዐ) በትኩሳት ተያዘ። ሕመሙ 15 ቀን ያህል ቆየ። ለሰላት መውጣት ስላቃተው ዑመር (ረ.ዐ) እንዲያሰግድ አደረገ። ሊጠይቁት የመጡት ሐኪም እንዲጠሩለት ሲጠይቁ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ እንዳየውና የፈለገውን እንደሚያደርግ እንደነገረው መለሰላቸው። የሚናገረው ስለ አላህ እንደሆነ ገባቸው። በሕመሙ መካከልም ለሕዝቡ ያስብ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ዑመር እንዲሾም ተማክሮ አደራውን አስተላለፈ። ከፈኑን በተመለከተ ለብሶት የነበረው ልብስ ታጥቦ እንዲጨመርበት አዘዘ፤ አዲስ ልብስ ይበልጥ የሚያስፈልገው በሕይወት ላለ ሰው እንደሆነም ለልጁ ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ነገራት።

ማን ያጥበው የሚለውንም ወስኖ ነበር፤ ባለቤቱ አስማ እንድታጥበው ተናዘዘ። በ63 ዓመቱ ሲሞት አስማ አደራዋን ተወጣች። በዚያን ቀን ጾመኛ ነበረች። አጥባ ስትጨርስ ወጥታ በቦታው የነበሩትን ሙሃጂሮች ጾመኛ መሆኗን ነግራ መታጠብ ግዴታዋ እንደሆነ ጠየቀች፤ እንዳልሆነ ነገሯት። ባሏን ባጠበችበት ሰዓት እንኳ የዲኗን ሕግ ትጠይቅ ነበር። ሐዘኗ ስላልበረታ አልነበረም፤ ሰውዋን የሰጠችው ለማን እንደሆነ ስለምታውቅ ነው። አቡበክር በዚያው ሌሊት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ተቀበረ።

የልጆቹ ክርክርና የመጨረሻው ሐዘን

ከአቡበክር በኋላ አስማን ዐሊ (ረ.ዐ) አገባት፤ የሕያ የተባለ ልጅም ወለደችለት። የጃዕፈርና የአቡበክር ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው አደጉ። ሁለቱም ሙሐመድ የሚባሉ የአስማ ልጆች አንድ ቀን የማን አባት ይበልጣል እያሉ ይከራከሩ ጀመር። ዐሊ አስማ ራሷ እንድትፈርድ ጠየቃት። እሷም ከዐረብ ወጣቶች ከጃዕፈር የተሻለ፣ ከሸምገል ካሉትም ከአቡበክር የተሻለ እንዳላየች ተናገረች። ዐሊ ለእሱ ምንም እንዳላስቀረችለት በጨዋታ ነገራት። ይህች ትንሽ ታሪክ ብዙ ትነግረናለች። የሞቱት በዚያ ቤት አልተረሱም፤ ስማቸው በሐዘን ብቻ ሳይሆን በኩራትና በሳቅም ይነሳ ነበር። የሞተ ሰው ሲነሳ ቤቱ ሁሉ ዝም እንዲል የምናደርግ ሰዎች ከዚህ ብንማር መልካም ነው።

በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ አስማ ሌላ መርዶ መጣባት። በዙልሁለይፋ መንገድ ላይ የወለደችው ልጇ ሙሐመድ ኢብን አቢበክር በግብፅ ተገደለ። በዚህ ጊዜ አልጋው አጠገብ አልነበረችም፤ ልታጥበውም አልቻለችም። ዜናው ሲደርሳት በቤቷ ወደምትሰግድበት ቦታ ሄዳ ሐዘኗን እንደዋጠች ተዘግቧል። ልጆቻችን በስደት ሀገር ሞተው ጀናዛቸውን ሳናይ የቀረን ወላጆች ይህን ሐዘን እናውቀዋለን። ሁሉንም ሰው ስታጽናና የኖረች ሴት እንኳ ማንም የማይደርስላት ሐዘን መጣባት፤ ያኔ የቀራት መስገጃዋ ብቻ ነበር። መስገጃዋም በቂዋ ነበር።

ውድ አንባቢያን፤ ምናልባት ይህን ስታነቡ በቤታችሁ የተኛ ሰው ይኖር ይሆናል። ከአስማ ሕይወት የምንወስደው ነገር ከባድ አይደለም። አጠገቡ እንቀመጥ። መናገር ሲፈልግ አናቋርጠው። የሚያስጨንቀው እኛ የምንገምተው ሞት ላይሆን ይችላል፤ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልታረቀው ወንድም፣ የሚተዋቸው ሕፃናት፣ ወይም እንደ ፋጢማ (ረ.ዐ) የገላው መሸፈን ሊሆን ይችላል። እንጠይቀው፤ ከነገረን ደግሞ በእጃችን ልንፈታለት የምንችለውን እንፍታለት። ዕዳው ይከፈል፤ ወንድሙ ይጠራ፤ ልጆቹን የሚረከብ ሰው በፊቱ ቃል ይግባ። ከዚያ በኋላ የቀረውን አዛኙ ጌታ ይዞታል። የጎረቤታችን ቤት ሲታመም ደግሞ ለአስታማሚዋም እናስብላት፤ እሷም ምግብ፣ እረፍትና የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል።

አላህ በአስማ ቢንት ዑመይስ ሥራው ይውደድላት። ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ለአስታማሚዎች ሶብርና ብርታት ይስጥ፤ የሞቱብንን በእዝነቱ ይቀበልልን። የእኛንም መጨረሻ በኢማንና በመልካም ወዳጆች መካከል ያድርግልን። አሚን።